ከፈረሱ ያልወረደው ጀግና

የእኛ ቆላ ያለ ዜማ አይውልም። ጥጥ የምትፈለቅቅ ሴት ታዜማለች፤ ግመል የሚነዳ ሰው ያንጎራጉራል፤ ማሽላ የሚጠብቅ እንኳ ከማማው ላይ ሆኖ ወፍ የሚያባርረው በወንጭፍ ብቻ አይደለም። ሮቢ ወንዝ ራሱ ክረምት ሲገባ እያቅራራ ነው የሚወርደው። እንዲህ ባለ አገር ተወልዶ፣ በዚህ ሁሉ ዜማ መሀል አድጎ፣ አንዲት ስንኝ በጆሮው ሳትቀር ያለፈችው ሰው ቢኖር አብዱልሀኪም ነው። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ «ደራሲ ነኝ» ያለን።

አባቱ በሸዋ ሮቢት ገበያ የተመሰገነ ሸማኔ ነበር። ልጁን ቁርኣን ካስቀራው በኋላ ፊደል እንዲቆጥር አንኮበር ለሚኖር ጸሐፊ ሰጠው። ልጁ ፊደሉን ይዞ፣ ኩራቱን ተሸክሞ ተመለሰ። የአባቱን የሽመና ጉድጓድ ቆም ብሎ አየና «እኔ እግሬን እዚህ ውስጥ አልጨምርም» አለ። አባትየው ሳቀ። ሲሞት ግን ልጁ መወርወሪያውን ለጎረቤት ሰጥቶ ጉድጓዱን አፈር ሞላበት፤ በላዩም የመጻፊያ መደብ ሠራ። መደቡን ያየ ሁሉ የአባትየው መቃብር ይመስለው ነበር። አለመሳሳቱንም ሚስቱ ፋዲላ ታውቃለች፤ ያን ቀን ያለቀሰችው እሷ ብቻ ናት።

«ለመሆኑ ምንድን ነው የምትጽፈው?» ብለው ጠየቁት አንድ ቀን እትዬ ጣይባ፣ የጥጥ ደቦ ሁሉ አውራ የሆኑት አሮጊት።

«ልብ ወለድ ነው፣ እትዬ። ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ መጻፍ።»

«ውሸት ነዋ!»

«ውሸት አይደለም። ልብ የወለደው ነው።»

«የኛም ባሎች ገበያ አምሽተው ሲመጡ ልባቸው ስንቱን ይወልዳል፤ አንኮበር ሄደው አልተማሩትም!»

አብዱልሀኪም አልተቀየመም። የሚቀየመው እኩያው ነው ብሎ በሚያስበው ሰው ነበር፤ በአገሩ ደግሞ እኩያ አልነበረውም።

ጠላት አገራችንን ይዞ፣ ከደብረ ሲና ወደ ደሴ የሚያልፈውን መንገድ ሲሠራ፣ ሰው ሁሉ በግድ እየተነዳ ድንጋይ ፈለጠ። ለአብዱልሀኪም ግን የተድላ ዘመን ሆነለት፤ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተገኘ። ጎረቤቶቹ ደረታቸው በአቧራ ተዘግቶ ሲያስሉ እሱ ባዶ ከረጢት እየለቀመ፣ እያራገፈ፣ እየቀደደ፣ በድንጋይ እየተጫነ ያቃናል። ጠዋት ሰው ሱብሂ ሰግዶ ወደ ማሳው ሲወርድ እሱ መቃ ብዕር ሊቀርጽ ይነሣል። ጥላሸቱን ከድስት ይፍቃል፤ ከሙጫ ጋር ያሻል። ከዚያ ዶሮዎቹን ያባርራል፤ የዶሮ ድምፅ ሐሳብ ይሰርቃል ይላል። ቀጥሎ ፋዲላን ዝም ያሰኛታል፤ እንዝርቷ ሲሽከረከር ይሰማኛል ይላል! ከዚያ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ሲመረቅን ዓይኑ ይፈዛል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ መጽሐፉም በአየር ላይ ይጠናቀቃል። ጥሩ መጽሐፍ ነበር መሰለኝ፤ ያነበበው ጫቱ ብቻ ነው።

ልብ ወለዱ ስለ አንድ የይፋት ጀግና ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ጀግናው ፈረሱ ላይ ወጣ። በሁለተኛው ዓመት ኮርቻው ተገለጸ። በሦስተኛው ዓመት የፈረሱ ጋማ። ጀግናው የሚያልፍበት ወንዝ ሁሉ ወተት፣ የሚረግጠው ድንጋይ ሁሉ ዕንቁ ነው፤ ግን ወንዙንም አልተሻገረ፣ ድንጋዩንም አልረገጠ። እንደ ወጣ ቀረ።

በየዓመቱ ለመውሊድ ሸህ አብዱሰላም ቤት ለወዳጃ፣ ለዱዓው ጉባኤ፣ እንሰበሰባለን። ጫቱ ዘንቢል ሙሉ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ለመጪው ዓመት ያሰበውን ይናገራል፤ ሸሁ ዱዓ ያደርጉለታል፤ ጀመዓው «አሚን» ይላል። አንዱ ልጄን ልድር ነው ይላል፤ አንዱ ጉድጓድ ላስቆፍር። አብዱልሀኪም ይነሣና ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«እኔ በሚመጣው ዓመት፣ ኢንሻአላህ፣ መጽሐፌን ጨርሼ ሁለተኛውን እጀምራለሁ። የሦስተኛውንም አሳብ ይዣለሁ።»

«ጀግናው ከፈረሱ ወረደ?» ይላሉ ሸሁ።

«ሊወርድ ነው፣ አባባ ሸህ። እግሩን ከእርካቡ አውጥቷል።»

«እንግዲህ አላህ ያውርደው።»

«አሚን!» እንላለን። ሳቃችንን በጫቱ ቅጠል እንሸፍናለን።

እዚህ ላይ ስለ ሷሊሕ ልንገራችሁ። የፋዲላ ታናሽ ወንድም ነው፤ የእናቷ ልጅ ሌላ የላትም። ጎረቤቱን ከመንገድ ሥራ ጠፋህ ብለው ገበያ መሀል ሲሰቅሉት አየና በዚያው ዱር ገባ። ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር የስልክ ሽቦ ይቆርጣል፣ በጠላት መኪና ላይ ይተኩሳል፣ ይሰወራል። የት እንደሚሰወር ከፋዲላ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የማሽላ ቂጣ ጋግራ፣ በጥጥ ውስጥ ደብቃ፣ ለቀማ የወጣች መስላ ታደርስለታለች። ሬሳውን ላመጣ ወይም ያለበትን ለጠቆመ ሰው ጠመንጃና መሬት ይሰጣል ተብሎ ተለፍፏል።

አንድ ሰሞን ወባ ፋዲላን ጣላት። ወንድሟ በረሃብ እንዳያልቅ ብላ፣ በአላህ አስምላ፣ ባሏን ላከችው። ሄደ። ቂጣውን ሰጥቶ ከማለት ወርውሮ ማለት ይቀላል፣ ተመለሰ። ፍርሃት ዓይን ይከፍታል መቼም፤ በዕድሜው አይቶት የማያውቀውን ያህል ነገር በአንድ ጊዜ አየ። ከሥሩ ለሁለት የተከፈለውን መንታ ሾላ፣ እንደ ተጫረ ክብሪት ዲን የሚሸተውን ምንጭ፣ ሰው ተንበርክኮ የሚገባበትን ቀይ ዋሻ። ቤቱ እንደ ደረሰ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ መደቡ ላይ ወጥቶ መጻፍ ጀመረ። ፋዲላ ከትኩሳቷ መሀል ቀና ብላ አየችው፤ የሚንቀሳቀሰውን ከንፈሩን አይታ ለእሷ የሚለምንላት መሰላት፤ «አላህ ይስጥልኝ» አለችው። እሱ ግን ጀግናውን ከፈረስ እያወረደ ነበር!

ሞገስ የሚባል አስተርጓሚ ነበር፤ የደብረ ሲና ልጅ፣ ለጠላት ያደረ። ሙቀታችንን ይጠላል፣ ወግ ግን ይወዳል። አብዱልሀኪምን ያልተቀደደ ከረጢት እያመጣ ያስለምደው ነበር። «ጨርስልኝና ሹሙን አስፈቅጄ በጋዜጣ አወጣልሃለሁ» ብሎታል። ይህን ከሰማ ወዲህ አብዱልሀኪም በዕድሜ የሚያንሰውን ሰው «ጋሼ» ማለት ጀምሯል።

ፋዲላ ከበሽታዋ ተነሥታ የጥጥ ፍልቀቃ ደቦ የጠራች ዕለት፣ ሴቶቹ በግቢዋ ከቁርቁራው ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ጥጡን በድንጋይ ላይ በብረት እየዳመጡ ሲያዜሙ፣ ሞገስ ላቡን እየጠረገ ገባ።

«እህሳ፣ ደራሲው! ያ ሰውዬ ወረደ?»

«ወረደ ጋሼ ሞገስ! ወረደ እኮ!» አለና አብዱልሀኪም ከመደቡ ተወርውሮ ተነሣ። «ቁጭ ይበሉ፣ ላንብብልዎ። እናንተ፣ ዝም በሉ እስቲ!»

«እጃችንን ነው አፋችንን?» አሉ እትዬ ጣይባ።

ማንበብ ጀመረ። ጀግናው ወረደ። በመንታው ሾላ በታች አለፈ፤ ዲን ከሚሸተው ምንጭ ጠጣ፤ ፊቱን አጨፈገገ፤ ተንበርክኮ ቀዩ ዋሻ ውስጥ ገባ። ውስጡ የጥጥ ፍሬ የተጣበቀበት ቂጣ ነበር።

የፋዲላ ብረት ድንጋዩ ላይ ቆመ።

ሞገስ የሚጠርግበትን ጨርቅ ቀስ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ይህንን ከየት አመጣኸው?»

«ከልቤ ነዋ! ልብ ወለድ አይደል?»

«ተው አንተ። የልብህን ውሃ ሦስት ዓመት ጠጣሁት፤ ወተት ነው። ዲን የሚሸት ውሃ ልብ አይወልድም። ይህንን ያየ ሰው ነው የሚጽፈው።»

እስቲ ፍረዱኝ። በዚች ሰዓት የሚያስፈልገው አንድ ውሸት ብቻ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጌ እጽፋለሁ ሲል የኖረ ሰው፣ የሚስቱ ወንድም ነፍስ በምላሱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ፣ አንዲት ትንሽ ውሸት ብቻ! እሱ ግን «ያየ ሰው ነው የሚጽፈው» መባሉ ጣፍጦት ፊቱ በራ። ምስጋና መስሎት! አንገቱን ሰበር አድርጎ «መቼም የጸሐፊ ዓይን…» ብሎ ጀመረ።

ይህን ጊዜ ፋዲላ አዜመች። ድምፅዋ ከበሽታው ገና አልዳነም ነበር፤ እንደ ቀጭን ፈትል ነው የወጣው።

መንታው ሾላ በታች፣ ዲን የሚሸት ውሃ፣
ጠጥቼው መጣሁኝ፣ የናቴ በረሃ።

በእኛ አገር ደቦ ላይ ስንኝ የተወረወረላት ሴት «ከየት መጣ?» ብላ አትጠይቅም። ትቀበላለች። ሰምታው የማታውቀውን እንደ እናቷ ጡት ታውቀዋለች። ሴቶቹም ቀና እንኳ ሳይሉ፣ ብረታቸውን እኩል እያወረዱ፣ «ነጭ ነው ጥጤ፣ ነጭ ነው» ብለው ተቀበሉ። ሁለተኛ ሲደግሙት መቶ ዓመት የኖረ ዜማ ሆኖ ነበር። እትዬ ጣይባ የፋዲላን ፊት በጎን አዩና ቀጠሉ፦

ቀዩን ዋሻ ገብቼ፣ ተንበርክኬ ባየው፣
ቤቱስ የጅብ ኖሯል፣ ሰው የሌለበት ነው።

«ነጭ ነው ጥጤ፣ ነጭ ነው።» ፋዲላ እንደ ገና አነሣችው፤ አሁን ድምፅዋ ሞልቶ ነበር።

አዋሽ ማዶ ቀረ፣ ያ መንታ ሾላችን፣
ግመል ነድቶ ሄዶ፣ ያልመጣው ልጃችን።

ወይ የኔ እናት! ያ ሁሉ ጫትና ያ ሁሉ ከረጢት ያልወለደውን፣ አንዲት የወባ በሽተኛ ከጥጥ መሀል ቁጭ ብላ ወለደችው። ሾላውን ነቅላ ከአዋሽ ማዶ ተከለችው፤ ወንድሟን የሞተ ግመል ነጂ አድርጋ አለቀሰችለት።

ሞገስ መጀመሪያ አዳመጠ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አይ አንተ! የሴቶቹን ዘፈን ሰርቀህ ነው ለኔ የምታነበው?»

አብዱልሀኪም ከሰለ። «አልሰረቅሁም! እንዲህ ያለ ዘፈን የለም! የኔ ነው ጋሼ፣ በአላህ፣ እኔው ራሴ በዓይኔ…»



«በዓይንህ ምን?» አለ ሞገስ፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

ፋዲላ ባሏን አየችው። ያን አስተያየት በአፍ ልነግራችሁ አልችልም። አብዱልሀኪም ግን የፈራው እሱን አይደለም። ቀስ ብሎ የገባው ሌላ ነገር ነው፤ «አየሁ» ካለ፣ «ምን ልታደርግ ሄደህ?» መባሉ አይቀርም። ገበያ መሀል ያለው መስቀያ ዛፍ ትዝ አለው፤ እጁ ሳያውቀው ወደ አንገቱ ሄደ።

«በዓይኔ… እያየኋቸው ሲዘፍኑ ሰምቼ ነው» አለ። «ከነሱው ነው የወሰድኩት።»

በዕድሜው የፈጠራት አንዲት ልብ ወለድ ይህች ናት። እሷንም የወለዳት ልቡ አይደለም፤ አንገቱ ነው።

«ሌባ ደራሲ!» ብሎ ሞገስ ያመጣለትን ባዶ ከረጢት መልሶ ይዞ ወጣ። ሴቶቹ እስኪርቅ ድረስ አዜሙለት። ጀምበር ሳትጠልቅ እትዬ ጣይባ፣ ፋዲላ የነገረቻቸውን መንገድ ይዘው፣ እንጨት ለቀማ መስለው ወጡ፤ በማግስቱ ቀዩ ዋሻ በእውነት የጅብ ሆነ። ሞገስም ሾላውን ፍለጋ አዋሽ ማዶ አልሄደም፤ አዋሽ ማዶ የተሻገረ ባንዳ አይመለስማ።

አብዱልሀኪም ግን አንድ ወር ሙሉ ሚስቱን አኮረፋት። በሰው ፊት ሌባ አሰኘችኝ ብሎ! ሊያናግረው የመጣውን ሁሉ ይዞ «የኔን ድርሰት ነው ሴቶቹ ዘፈን ያደረጉት» ይል ነበር፤ ያውም ሷሊሕ ገና ዱር ውስጥ እያለ።  ፋዲላ ግን እንዝርቷን ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ብላ አላቆመችም።

ዜማው ሄደ። ከገበያ ገበያ፣ ከደቦ ደቦ፣ እስከ አጣዬ ደረሰ። ጠላት ለቆ ሲወጣና ሷሊሕ ጠጉሩ ጎፍሮ ከዱር ሲመለስ፣ ገና ሮቢን ሳይሻገር ማሽላ ጠባቂዎች ከማማቸው ላይ ሲዘፍኑት ሰማ። የሱን ሾላ፣ የሱን ምንጭ። ወንዙ ዳር ተቀምጦ አለቀሰ አሉ።

በዚያ ዓመት መውሊድ ወዳጃው ሞልቶ ፈሰሰ። ሷሊሕ ከሸህ አብዱሰላም ጎን ተቀምጦ፣ «ያችን ዘፈን ያወጣው ማነው? እጁን ልስም» አለ።

ፋዲላ ከሴቶቹ ወገን ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። አፏን ከመክፈቷ በፊት አብዱልሀኪም ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «በሚመጣውም ዓመት፣ ኢንሻአላህ፣ ዘፈኖቼን ሁሉ ሰብስቤ መጽሐፍ አደርጋቸዋለሁ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የእትዬ ጣይባ ሳቅ ፈነዳ፤ ከሷ ወደ ሴቶቹ ሁሉ ተዛመተ። ሷሊሕ ወደ ሳቁ ዞረ፤ መሀሉ ላይ የእህቱን ድምፅ ለየ። ያን ሾላ ስትመላለስበት የኖረችው እሷ ናት፤ ሌላ አልጠየቀም። ተነሥቶ በአብዱልሀኪም አጠገብ አልፎ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ፣ በጥጥ ፍልቀቃ የሻከረውን እጇን ሳመ።

አብዱልሀኪም እንደ ቆመ ቀረ። ሸህ አብዱሰላም ግን ዱዓ የለመነን ባዶ እጁን አይሰዱም፤ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«በል እንግዲህ» አሉ፤ «አላህ አንተንም ከፈረስህ ያውርድህ።»

«አሚን!» አልን። በዚያን ቀን ጫት የሸፈነው ሳቅ አልነበረም።