የከለከልኩት ኪኒን

መርካቶ በርበሬ በረንዳ፣ በባለቤቴ ሱቅ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ባለቤቴ ጆንያዎቹ ላይ ተጋድሟል። እህቱ ዓለምነሽ ራስጌው ቆማለች። ጓደኛው ሽብሩ፣ የጎረቤቱ ሱቅ ባለቤት፣ ሚዛኑን ተደግፏል። እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ ከቤት አስጠርተውኝ ገና መድረሴ ነበር።

ሚሌኒየሙ ሊከበር አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። የማልረሳው፣ ከዚያ ቀን በፊት መናገር ሲገባኝ ዝም ስላልኩ ነው። ዛሬም ይቆጨኛል። ቤቱ የልብ ሕመምተኛ ያለበት ሰው ቢያነበው ብዬ ጻፍኩት።

ባለቤቴ ልቡን ይታመማል። ደረቱን ሲይዘው ከምላሱ ሥር የሚያደርጋት ትንሽ ኪኒን ታዝዛለታለች። «ሕመምተኛ ይሉኛል» ብሎ አይዛትም፤ የምትቀመጠው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ከወራት በፊት መድኃኒቱን ስገዛ የፋርማሲዋ ባለሙያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ ጋሼ ወንዶች ለአልጋ የሚወስዱትን ኪኒን እንዳይነኩ። ከዚህ ጋር ከተገናኘ የደም ግፊታቸው ባንዴ ይወርዳል፤ ይገድላል» አለችኝ።

አፈርኩ። እኔና ባለቤቴ መኝታ ከለየን ስድስት ዓመት አልፎን ነበር። ይህን በየትኛው አፌ አወራዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ያን ቀን ላብ አጥምቆታል፤ ደረቱን ጨብጧል። የሸሚዙን ቁልፍ ልፈታ ጎንበስ ስል ኪሱ ውስጥ የኪኒን ማሸጊያ አየሁ። አወጣሁት። ኪኒኖቹ ሰማያዊ ናቸው፤ የአንዱ ቦታ ባዶ ነው።

«ሽብሩ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ!»

«የሰጠኸው አንተ ነህ?»

ዓይኑን ሚዛኑ ላይ ተከለ። «ከዱባይ የመጣ ነው፣ ለወንድ ጥሩ ነው ሲሉኝ… ምሳ ሰዓት ላይ ሊወጣ ሲል ዋጠው።»

ባለቤቴ ለምሳ ቤት አልመጣም ነበር። ወዴት ሄዶ ነበር ብዬ አልጠየቅኩም። ሽብሩም ዓለምነሽም ያውቁ ነበር።

የምላስ ሥሩን ኪኒን ላወጣ የከፈትኩትን ቦርሳዬን ዘጋሁ። «ኪኒኑ አይሰጠውም፤ ከዚህ ጋር ይገድለዋል። ታክሲ ጥሩ» አልኩ።

ዓለምነሽ ከሠላሳ ዓመት በላይ «እርስዎ» ስትለኝ ኖራለች። «አንቺ ሴትዮ፣ በቅናት ልትገይው ነው? አምጪ እያልኩሽ ነው!» ብላ ቦርሳዬን ያዘች። ማንገቻው ተበጠሰ። በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ።

«ምን ሆነው ነው?» አለ አንድ ተሸካሚ።

«ባሏን መድኃኒት ከልክላው ነዋ!» አለው ሌላው። «እግዜር ከእንዲህ ያለች ሚስት ይሰውረን!»

ቦርሳዬን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። እርግጠኛ አልነበርኩም። የፋርማሲዋ ሴት ተሳስታ ከሆነና እዚያው ቢሞት፣ የገደልኩት እኔ ነኝ።

በላዳ ታክሲ ሆስፒታል ወሰድነው። መንገዱን ሙሉ ዓለምነሽ ስትረግመኝ ነበር። ማሸጊያውን ለሐኪሙ ሰጠሁት።

«ከምላስ ሥር የሚደረገውን ሰጣችሁት?»

«አልሰጠነውም።»

«እንኳንም አልሰጣችሁት! ብትሰጡት እዚህ አይደርስም ነበር።»

ዓለምነሽ ሰምታለች። ይቅርታ አላለችም። «ታውቂ ከነበር ለምን ቀድመሽ አልነገርሽውም?» አለችኝ።



በማግስቱ ቀና ብሎ መቀመጥ ቻለ። እኔ ስገባ ዓለምነሽና ሽብሩ አልጋው አጠገብ ሆነው የትናንቱን እያወሩለት ነበር። ባለቤቴ አየኝ።

«ለሐኪሙ የነገርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

በፔርሙስ የያዝኩትን አጥሚት ኮመዲኖው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።