ማኪናዬን በድስት ሽቦ የፈተጓት ጊዜ

ማኪናዋ የእኔ ናት። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው እስከ ዛሬ ያልገባቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ባለቤቴ መንዳት አይችልም፤ አይወድምም። ከጎኔ ተቀምጦ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስንወጣ እንኳ የበሩን እጀታ ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የምነዳትም እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ እሷ ናት።

ስገዛት ቀለሟ ጥቁር ሰማያዊ ነው ብለውኝ ነበር። እኔ ያየሁት ግን አመድ የመሰለ ነገር ነው። የቀድሞ ባለቤቷ ክረምት ከበጋ ሜዳ ላይ ሲያቆማት ኖሮ ፀሐይ ጨርሷታል። ኮፈኗን በእጅ ሲነኩት ነጭ ዱቄት ይለቅ ነበር። ያየኝ ሁሉ "ጋራዥ ውሰጂና እንደገና ትቀባ" ይለኛል። እኔ ግን አንድ ቀን በሩን ከፍቼ ፀሐይ ያልደረሰበትን የውስጡን ጠርዝ ስጠርገው ሰማያዊው ቀለም ብቅ አለ። ከሥር እንዲህ ያለ ቀለም ተኝቶ በላዩ ሌላ ምን ያስቀባል? ፖሊሽ ገዛሁና ራሴ ጀመርኩ።

በአንድ ጊዜ የመጣ ነገር አይደለም። እኛ ሰፈር ውኃ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ደስ ሲለው ይጠፋል። ስለዚህ ክረምት ላይ ከጣሪያው የሚወርደውን በበርሜል አጠራቅማለሁ፤ በጋ ላይ ደግሞ የልብስ ማለቅለቂያውን ለጎማና ለቸርኬ አተርፋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከግድግዳው ጥላ ሥር አቆማታለሁ። በደረቁ አልነካትም። አቧራ ማለት አሸዋ ነው፤ አሸዋ ላይ ጨርቅ ማስኬድ ቀለሙን መሞረድ ነው። መጀመሪያ ውኃ አፍስሼ አቧራውን አወርዳለሁ። አንዱን ባልዲ ለሳሙናው፣ ሌላውን ጨርቁን ለማለቅለቅ አደርግና ከጣሪያዋ ጀምሬ ወደ ታች እወርዳለሁ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አላስጠጋትም፤ ሰሙን ይበላዋል። በለስላሳ ፎጣ ካደረቅኋት በኋላ ፖሊሹን በትንሽ በትንሹ እያዞርኩ አሻለሁ፤ በላዩም ሰም እቀባለሁ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲያገኛት ውኃው ድብልብል እያለ እንደ ዶቃ ይንከባለልባታል። ያን ማየት ያስደስተኛል፤ የሚያሳፍረኝ ነገርም የለም።

በአጥሩ በኩል የሚያልፈው ሰው ግን ዝም ብሎ አያልፍም። "ምነው እህቴ፣ ቤቱ ወንድ የለውም እንዴ?" ይላል አንዱ። "ላቫጆ ጠፋ?" ይላል ሌላው። መጀመሪያ መጀመሪያ እስቅ ነበር። በኋላ ማሰብ ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ጭስ ውስጥ ተቀምጬ ወጥ ስሠራ "ወንድ የለም ወይ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁለት ባልዲ ይዤ ማኪናዬ ዘንድ ስቆም ግን የመንደሩ ሁሉ አንጀት ይላወሳል።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሴት ልጁን ሊድር ሆነ። አያ ብዬ ነው የምጠራው፤ በቤተሰቡ ውስጥ እሱ ያለው ነገር ወደ ኋላ አይመለስም። ጥር ሊገባ ሲል እኛ ቤት መጣ። ምሳ አቅርቤ እጁን እያስታጠብኩት ሳለ፣ በእኔ ራስ ላይ አሻግሮ ለባለቤቴ፣ "ያቺን ማኪናህን ለሙሽሪት ትሰጠኛለህ፤ ከሰፈሩ እንደሷ የምታበራ የለም" አለው።

ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። እኔም ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩና፣ "አያ፣ እሰጣለሁ። ልጅቱን እንደ ልጄ ነው የማያት። አንድ ነገር ብቻ፤ ፕላስተር እንዳይለጠፍባት። አበባውን በጥብጣብ ነው የሚያስሩት፤ እኔ አሳያቸዋለሁ" አልኩ።

"እሺ፣ እሺ፣ ምን ችግር አለው" አለ እንጀራውን እየቆረሰ። ቀና ብሎም አላየኝም።

ለሠርጉ ብዬ እጄ እስኪዝል ሰም ቀባኋት። ሙሽሪትን ወደ እንፍራንዝ፣ ወደ አማቶቿ አገር የምትወስድ እሷ ናትና። በሠርጉ ጠዋት እኔ ከሴቶቹ ጋር ድግሱ ላይ ነበርኩ። አንዱ ሚዜ ቁልፉን ተቀብሎኝ ሄደ፤ ጥብጣቡንም አብሬ ሰጠሁት።

ያየኋት የመልሱ ዕለት ነው። ሙሽሮቹ በእሷው ተመልሰው ሲመጡ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም እልል አልኩ። ሙሽሪት ወርዳ ሰዉ ወደ ድንኳኑ ሲከተላት፣ ከሕዝቡ ጀርባ ማኪናዬ ብቻዋን ቀረች። እልልታው አፌ ላይ ቀረ።

ኮፈኗ ላይ ያ ቡናማ የካርቶን ፕላስተር ተለጥፎ ፀሐይ ሲያበስለው ኖሮ፣ ሲነቅሉት ቀለሙን ይዞት ተነሥቷል። ከሥሩ፣ ከቀለም በፊት የሚቀባው ግራጫ ስቱኮ አፍጥጦ ይታያል። የቀረው የኮፈኑ ክፍልና ከጎማው በላይ ያለው የግራ ፓራፋንጎ ደግሞ መላው ጭረት በጭረት ሆኖ፣ የተፈተገ ድስት መስሎ ፈዟል። ጥብጣቤ እንደተጠቀለለ፣ ሳይፈታ፣ ከኋላ መቀመጫ ላይ ተጥሏል።

"ምን አድርጋችኋት ነው?" አልኩት ሚዜውን።

ልጁ ምስጋና ነበር የጠበቀ። "አጥበን እኮ ነው ያመጣናት! ሙጫው አልለቅ ሲል መገጭ ወንዝ ወረድንና በድስት ሽቦ አስለቀቅነው" አለኝ፤ በኩራት።

በድስት ሽቦ! እኔ ጨርቄን እንኳ ሳላራግፍ የማልነካትን።

ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ አያ ከድንኳኑ ወጣ። ኮፈኑን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣ "በደስታ ቀን ይህ ይነሣል? ብረት ነው። ብረት አያምመውም" ብሎኝ ተመለሰ። እኔም ገብቼ እንግዳ አስተናገድኩ። ወጥ ስጨልፍ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ከዚያ በኋላ እግሬን ከአያ ቤት አነሣሁ። ምክንያቴንም አልደበቅኩም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ነገርኩ። ታዲያ ወሬው ዞሮ እኔው ጥፋተኛ ሆኜ አረፍኩት። "ከሥጋ ዘመድ ማኪና በለጠባት" ተባለ። ተበድዬ ሳለ ሽማግሌ ወደ እኔ ተላከ።

አያ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጣ። መሪያቸው ከጭልጋ ገጠር ወደ ከተማ የገቡ፣ ዕድሜያቸውን ከከብት ጋር ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። ረጅም ምክር መከሩኝ። ሁሉ አላፊ ነው አሉ። በመጨረሻም፣ "ልጄ፣ ዕቃ ነው። ስለ ዕቃ ተብሎ ዘመድ አይቀየምም" አሉኝ።

"አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አልኳቸው። "ያሳደጉትን ሸጋ በሬ ለዘመድ ያውሳሉ። ጀርባውን አደራ፣ ቁስል እንዳያወጣ ብለው አስጠንቅቀው ይሰጣሉ። ቆዳው ተገሽልጦ ይመለስልዎታል። ዘመድዎ 'ከብት ነው' ቢልዎት ምን ይሉታል?"

አዛውንቱ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "አስጠንቅቃህ ነበር?" አሉት አያን ዞር ብለው።

"ብላኛለች" አለ አያ።

"እንግዲያውስ ተነሥና ይቅርታ ጠይቅ።"

አያ ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ። ከዚያም ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ "ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ" አለ።

ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። እኔ እዚያው፣ ከፊቱ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ለምርቃት እጃቸውን ሊያነሡ ነው።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ተናገረ። ታላቁን ተቃውሞ አያውቅም፤ ፊቱ በላብ ተነክሮ ነበር። "ለእኔ አይደለም፣ አያ" አለ ዝግ ብሎ። "እኔ መንዳትም አልችል። የእሷ ናት። እሷን ነው ይቅርታ የምትጠይቀው።"

አያ ጣሪያውን እያየ፣ "እሷም ይቅር ትበለኝ" አለ። ሽማግሌ ቆሞ እየጠበቀ ምን ይባላል? "ይቅር ብያለሁ" አልኩ። አፌ ነው ያለው። ሆዴ አላለም።

እውነተኛውን ይቅርታ ያመጣችው አንዲት ጥፋት የሌለባት ሰው ናት። በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ሙሽራይቱ ከእንፍራንዝ ብቻዋን ተሳፍራ መጣች። በሩን ስከፍትላት ገና ሳንሳሳም ዓይኗ ከማኪናዋ ላይ አረፈ።

"እታለም፣ እኔ ነግሬያቸው ነበር" አለችኝ። "ፕላስተሩን ሲለጥፉም 'አይሆንም፣ እሷ አደራ ብላለች' አልኳቸው። መገጭ ላይም ሽቦውን ሲያወጡ መስኮቱን ከፍቼ ጮህኩ። 'ሙሽራ አታወራም፤ ዝም በይ' አሉኝ። ሳቁብኝ። የቀረውን መንገድ ሳለቅስ መጣሁ፤ እነሱ ቤቷ ናፍቋት ነው አሉ።"

ስለ ማኪናዋ ነዶኝ ያውቃል፤ እንደዚያ ዕለት ግን ነዶኝ አያውቅም። ልጅቱ በገዛ ሠርጓ ላይ አንድ ትክክለኛ ነገር ብትናገር የሰማት አልነበረም። እኔን "ብረት ነው" ያለኝ አፍና እሷን "ዝም በይ" ያላት አፍ አንድ ነው።

"ነይ" አልኳት። አሮጌ ቀሚሴን አለበስኳት።

የቀረውን ሙጫ ጨርቅ ላይ ባንጠባጠብናት ላምባ ቀስ እያልን አስለቀቅነው፤ ወዲያውም በሳሙና አጠብነው። ከዚያ ፖሊሹን ይዘን እሷ በፓራፋንጎው በኩል፣ እኔ በኮፈኑ በኩል ተሰማራን። ብዙ አላወራንም። አንዳንዴ ቀና ትልና፣ "በሽቦ!" ትላለች፤ እኔም "በሽቦ!" እላለሁ፤ እንደገና እናሻለን። ወደ ከሰዓት በኋላ ቀጫጭኑ ጭረት እየሳሳ፣ ሰማያዊው እየተመለሰ መጣ። ጥልቁ ግን አልወጣም። ፕላስተሩ የገሸለጠውን እንዳይዝግ ብዬ በቀጭን ብሩሽ ቀባሁት፤ ቀለሙ ግን ከነባሩ ጋር አልገጠመም። ዛሬም ጥላ ላይ ካልቆመች በስተቀር ከሩቅ ይታያል።

በዓመቱ አያ ለሌላ የዘመድ ሠርግ ማኪና ፈለገ። ይህን ጊዜ ባለቤቴን አላለም፤ እኔኑ በር ላይ ጠብቆ፣ በአክብሮት ጠየቀኝ። ፕላስተር እንደማያስነካትም ማለ። ሳስበው የጠየቀኝ እኔን መሆኑ ደስ አሰኘኝ።

"አልሰጥም፣ አያ" አልኩት።

"ምነው? ይቅር ብለሽ የለም እንዴ?"

"ብያለሁ። ማኪናዋን ግን አልሰጥም።"

ትንሽ ቆሞ አየኝና ሄደ። እስካሁን እንደተኮራረፍን ነን፤ በዓል ሲሆን ሰላም እንባባላለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ባልዲዎቼን ይዤ እወጣለሁ። ልጅቱም ከእንፍራንዝ ስትመጣ ሌላውን ጨርቅ ታነሣለች።