በሰው ድንኳን ያለቀስነው

ደሴ የሄድኩት አባቴን ፍለጋ ነው። በደርግ ጊዜ «የአብዮቱ ጠላት» ተብሎ ሲገደል እኔ በእናቴ ሆድ ነበርኩ። እናቴ ስለ እሱ ስትጠየቅ ወሬ ትቀይራለች። የቀሩኝ ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ዘሃራ ናቸው።

ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሳው አውቶቡስ የጣርማ በርን ጉም አልፎ ሸዋሮቢት ሲደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። ፓፓያ ገዛሁ። ሻጯ «ደሴ እጥፍ ነው» ብላ ማለችልኝ፤ ደሴ ስደርስ ግን ዋጋው ያው ነው። ከኮምቦልቻ በኋላ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ብርዱ ተመለሰ።

ሆጤ

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታቸው ስገባ አክስቴ ዱአ አድርገው፣ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያዩኝ ቆዩ። ከምሳ በኋላ «አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አልኳቸው። ተነስተው መስኮቱን ዘጉ፤ ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉ።

«ደህና ሰው ነበር።»

በቃ! ይህን ልሰማ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት? ተናደድኩ።

«እትዬ፣ ደርግ ከወደቀ እኮ ስንት ዘመኑ!»

«ይሁን ልጄ። ግድግዳም ጆሮ አለው።»

ኮምቦልቻ

በማግስቱ በሚኒባስ ወረድን። የቀድሞ ጎረቤታቸው፣ አሁን የፋብሪካ ሠራተኛ የሆነች ሴት፣ እናቷ ሞተውባት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከፈረቃ የወጡ ባልደረቦቿ ከነጋወናቸው ተቀምጠዋል። አክስቴ ገና ከደጅ ድምፃቸውን ለቀቁት፦

«ወንድምዬ! ፍንጭቱ! ሲስቅ ቤት የሚሞላው! ጫማውን ለሰው ሰጥቶ ባዶ እግሩን የሚገባው!»

ደነገጥኩ። የሞቱት አሮጊት ናቸው። ማንም ግን ዞሮ አላየም። አጠገቤ የነበሩ እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያኔ ለተገደለ ማልቀስ ክልክል ነበር። ማን እንዳለቀሰ የሚያዳምጥ ከጎረቤት ይመደባል። እኛም የራሳችንን ሙት በሰው ለቅሶ እናለቅስ ነበር። ልማዱ ዘሃራን እስካሁን አልለቀቃትም።»

ፍንጭቱ። እኔም ፍንጭት ነኝ። ስስቅ እናቴ ለምን ፊቷን እንደምታዞር ያኔ ገባኝ። አክስቴን አቅፌ፣ በሰው ድንኳን ውስጥ፣ አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩት።

መልስ

ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ይህንኑ ሳብሰለስል ዋልኩ። አምባገነን ሕዝብን የሚይዘው በእስር ቤትና በጠመንጃ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጎረቤትን ከጎረቤት አስፈርቶ ከሄደ፣ እሱ ከወደቀም በኋላ ሰው ራሱን እንደ እስረኛ ሲጠብቅ ይኖራል።

ቤት ስደርስ እናቴ አክስቴ የላኩላትን የገብስ ጭኮ ተቀብላ «ዘሃራ ምን አለችሽ?» አለች።

«ፍንጭት ነበር አሉ። ሲስቅ ቤት ይሞላ ነበር።»

ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። እኔም ተነስቼ ከፈትኩት።

«ጎረቤት ይሰማል» አለች።

«ይስማ እማዬ። ሰምቶ ለቅሶ ይድረሰን።»