የገመቹን እናት የጠቆምኩት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ልነግራቸው ደጃቸው ድረስ ሄጄ፣ ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ፣ ዋሸሁ እያልኩ ትንንሾቹን ደርድሬ ተመልሻለሁ። ትልቁን ውጬ። ሚስቴም አታውቅም። እናንተ ፊቴን አታዩትም፤ መናገሩ የቀለለኝም ለዚህ ይሆናል። ይኸም ራሱ ፈሪነት ነው፤ አልክድም።

ኢምፔሪያል አካባቢ ፀጉር ቤት አለኝ። ያኔም ነበረኝ። የክለባችን ደጋፊዎች ከገርጂም ከጎሮም እየመጡ ጨዋታ ባለበት ቀን እኔ ጋ ይሰበሰባሉ። ፀጉሩን የሚቆረጠው ይቆረጣል፣ የቀረው በር ላይ ቆሞ ይከራከራል፤ ከዚያ ማሊያችንን ለብሰን አንድ ላይ ታክሲ ሞልተን ወደ ስታዲየም እንሄዳለን። እኔ ደግሞ ቃሌ ይሰማ ነበር። «ፍቄ ምን አለ?» ይባል ነበር። ይህ ለአንድ ፀጉር አስተካካይ ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ ከሚገባው በላይ ትልቅ ሆነብኝ።

ገመቹ አጥቂያችን ነበር፤ የጎሮ ልጅ። አባቱ ገና በልጅነቱ ነው የሞቱበት። እናቱ እማማ ወርቄ ሾላ ገበያ በርበሬና ሽሮ እየሸጡ ብቻቸውን አሳደጉት። ኳስ ይዞ ከግራ መስመር ወደ ውስጥ ሲገባ ስታዲየሙ ሁሉ ብድግ ይላል። ሲያገባ አይጨፍርም፤ ወደኛ ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ በቃ። እንዴት እንደምንወደው ልነግራችሁ አልችልም። እንደ ንብረታችን ነበር የምንወደው። አሁን ሳስበው ችግሩ ከዚያ ነው የጀመረው።

ውሉ ባለቀ ጊዜ ክለቡ አዲስ ውል አቀረበለት። ገመቹ አልፈርምም አለ። ልምምድ ቀረ። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይም አልተሰለፈም፤ ተሸነፍን። የክለቡ ሰዎች «ተጫዋቹ ጥያቄ አብዝቷል» ከማለት ሌላ አልተናገሩም። ለደጋፊው ግን ያቺው ቃል በቃችው። ሆዳም ተባለ። ትናንት ፎቶውን የታክሲያቸው መስታወት ላይ የለጠፉ ሹፌሮች በጥፍራቸው ሲፍቁት አየሁ። እኔም በሌለበት ሰደብኩት።

በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ገና ሱቁን እየጠረግሁ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ገባ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቶንዶሱን ሳነሳ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«ፍቄ፣ ሰው ምን እያለ ነው?»

«ብር አንሶት ነው እያለ ነው» አልኩት።

ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ነገረኝ። ስለ ደሞዙ ያነሳው አንድም ነገር የለም። ባለፈው ዓመት የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰውን ተከላካያችንን አስታወሰኝ። ክለቡ «ውልህ አልቋል» ብሎ አሰናብቶት፣ ለቀዶ ሕክምና እርዳታ እየለመነ ነበር።

«ሜዳ ላይ ከተጎዳን እስክንድን ያሳክሙን፣ ይኼ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ሌላ ምንም አላልኩም» አለ። «ለእኔ ብቻ አይደለም። ለሁላችንም ነው።»

«ታዲያ ለምን ራስህ ወጥተህ አትናገርም?»

«ልጆቹ ከኋላዬ ናቸው። እኔ ሬዲዮ ላይ ከወጣሁ እነማን እንዳሉበት ይጣራል፤ እነሱን ነው የሚያባርሯቸው። አንተን ግን ሰው ይሰማሃል። ዝም ብለህ እዚህ ንገርልኝ፣ ይዳረሳል።» ቀጥሎም፣ «ያ የቴሌግራም ቻናል ላይ የሚጽፈውን ሰውዬም ካወቅከው ንገረው፤ እሱ ከጻፈው ሁሉም ያምናል» አለኝ።

ያ ሰውዬ እኔ ነበርኩ።

ቴሌግራም ላይ የደጋፊዎች ቻናል ነበረኝ። ስሜ የለበትም፣ ፎቶዬ የለበትም። ማንም አያውቅም። ሰዎች እዚሁ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው «ቻናሉ እንዲህ አለ» ብለው የራሴን ወሬ መልሰው ሲያወሩልኝ እንዳልሰማ እየሆንኩ ውስጤ ይሞቅ ነበር። ለገመቹም አልነገርኩትም። ትከሻውን ይዤ «እነግርልሃለሁ» አልኩት። ማልኩለት። ሲወጣ ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ «ተው እንጂ!» ብዬ ከለከልኩት። ወዳጅ መሆኔ ነበር!

እውነቱን ለመጻፍ ጀምሬ ነበር። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ እንዲያውም ክሱን ያከብደዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው አልነበረም። ስልኬን አውጥቼ ልክ እንደነገረኝ ጻፍኩት፤ ስለ ሕክምናው፣ ስለ ተከላካዩ። ልልከው ስል ሌላኛው የደጋፊዎች ቻናል ቀደመኝ። «ገመቹ ወደ ተቀናቃኛችን ሊሄድ ነው» ይላል። ተከታዮቼ ወደ እኔ መጡ። «አድሚን ተኝተሃል እንዴ?» ይሉኛል። «እዚያ ትኩስ ወሬ አለ፣ አንተ ጋ ምንም የለም» ይሉኛል።

የጻፍኩትን አነበብኩት። «ስንጎዳ ያሳክሙን» የሚል ወሬ ማን ይቀባበለዋል? አጠፋሁት። በምትኩ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «ከታማኝ ምንጭ ባገኘነው መረጃ ገመቹ ከተቀናቃኛችን ጋር ጨርሷል። ማሊያችንን ሸጦታል።»

ታማኝ ምንጭ! ምንጩ ጠዋት እጄ ሥር ነበር። የተቆረጠው ፀጉሩ እንኳ ገና ከወለሉ ላይ አልተጠረገም ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት ለንስሐ አባቴ ልናገረው እችል ነበር። ውሸት ነው፤ ሰው ይዋሻል። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ያልቻልኩት።

ኮሜንቱ እንደ ጎርፍ ወረደ። ስድብ፣ እርግማን፣ ሳቅ። ከመሀል አንዱ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ «እናቱ የት ነው የምትነግደው? ሄደን እናመስግናታ!» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። እኔም መለስኩለት። እኔ። ማንም አላስገደደኝም። «ሾላ፣ በርበሬ ተራ፣ ሰማያዊ ሸራ ያለበት» ብዬ ጻፍኩ።

ምን አስቤ ነው? በሰላም ሊያናግሯቸው መስሎኝ ነው? ብዙ ጊዜ ለራሴ እንዲህ ብዬዋለሁ። ውሸት ነው። ያንን ሳቅ አይቼዋለሁ። «እናመስግናት» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የሰፈሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቄ ነው የጻፍኩት። ሁሉን የማውቅ ሰው መሆኔን ለማሳየት ነው የጻፍኩት። ለዚያ ብቻ። ቦታውን የማውቀው ደግሞ ሚስቴ በርበሬ የምትገዛው ከእሳቸው ስለሆነና እኔም አብሬያት ስለምሄድ ነው።

ቅዳሜ ሄዱ። ገበያው በሰው ተጨናንቆ ሳለ ማሊያ የለበሱ ጎረምሶች መጥተው ከሸራው ፊት ለፊት ቆሙ። መጀመሪያ ዘፈኑ። «የሆዳም እናት» እያሉ አጨበጨቡ። እማማ ወርቄ መጀመሪያ የልጃቸው ደጋፊዎች ስለሆኑ ሊጠይቋቸው የመጡ መስሏቸው ፈገግ ብለው ተነሥተው ነበር። ይህን የነገሩኝ አጠገባቸው ቅመም የሚሸጡት የወሎዋ እትዬ ዘሃራ ናቸው። ፈገግ ብለው ተነሥተው ነበር።

አንዱ የበርበሬውን ጆንያ በእግሩ መታው። ነፋስ ነበር። በርበሬው ተነሥቶ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ዓይናቸውን ይዘው፣ ምንም ሳያዩ ለማምለጥ ሲሞክሩ ጠርዝ ስተው ከተራው ዳር ባለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ልጆቹ ተበተኑ። እትዬ ዘሃራ እየጮሁ ገብተው በጃሪካን ውኃ ዓይናቸውን ሲያጥቡላቸው፣ እማማ ወርቄ «ገመቹ እንዳይሰማ» ይሉ ነበር አሉ።

እኔ ያን ሰዓት ሙሽራ እየላጨሁ ነበር። ወሬውን ያመጣው ደንበኛ መጀመሪያ እየሳቀ ነው የጀመረው፣ ስብራቱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። ቶንዶሱን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁና መልእክቴን አጠፋሁ። ቻናሉንም አጠፋሁ። ሙሽራው «ፍቄ፣ ልዘገይ ነው እኮ!» ብሎ ጠራኝ። ወጥቼ ጨረስኩለት። ሒሳቡንም ተቀበልኩ። ይህንንም ጨምራችሁ እወቁልኝ።

ሰው ምን ይላል ብዬ ብርቱካን ገዝቼ ሐኪም ቤት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዓይናቸው አብጧል። በድምፄ ነው የለዩኝ። እጄን ያዙኝና አልለቅም አሉ።

«አንተ ነህ ልጄ? ገመቹ ነግሮኛል። ፍቄ ሊነግርልኝ ነበር፣ ሰው አልሰማው አለ እንጂ፣ ብሎኛል። አንተ ብቻ ነህ የቆምክለት። ይባርክህ። ልጅ ይስጥህ።»

ገመቹ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል። የተናገርኩለት፣ ሰው ግን ያልሰማኝ መስሎታል። ያን ጊዜ «አልነገርኩልህም» ማለት እችል ነበር። አፌ ውስጥ ነበረ። «አሜን» አልኩ።

ሰኞ ዕለት ገመቹ ፈረመ። ክለቡ ባቀረበው ውል ላይ፣ ስለ ሕክምና አንድም ቃል ሳይጨመርበት። እናቱን እንደገና እንዳይነኩበት ነው የፈረመው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። እኛ ግን አሸነፍን አልን። ሜዳ ሲገባ ስሙን እየጠራን ዘለልን፤ እኔም ዘለልኩ። ሲያገባ እጁን ደረቱ ላይ ማድረግ ተወ። ዞሮ እንኳ አያየንም። ደጋፊው «ኮራ» አለው።

በሁለተኛው ዓመት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ክለቡ ውሉ እስኪያልቅ ጠበቀና አመስግኖ አሰናበተው። ጎረቤቱና ዘመዱ አዋጥቶለት ታከመ፤ እኔም አዋጣሁ። ለመራመድ ዳነ፣ ለኳስ ግን አልዳነም።

ዛሬ ጎሮ ሴራሚክ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ይሠራል። በቅርቡ ለፀጉር ቤቴ የወለል ሴራሚክ ልገዛ ስገባ አገኘሁት። እያነከሰ መጥቶ አቀፈኝ። ለአሠሪው «ይኼ ሰውዬ ሁሉም ሲከዳኝ ያልከዳኝ ነው፣ ደህና ቅናሽ አድርግለት» አለው። አሠሪው ጨበጠኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። በቅናሽ ገዛሁ። በየቀኑ በዚያ ሴራሚክ ላይ እየቆምኩ ነው የምሠራው።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ሚስት ነበረችኝ። ጆንያውን የመታሁት እኔ አይደለሁም አልልም፤ የመታው ልጅ መንገዱን የሚያውቀው ከእኔ ነው። ክለቡ ነው ጥፋተኛው አልልም፤ ክለቡ የራሱን ኃጢአት ይሸከም፣ የእኔን ግን አይሸከምልኝም። እናንተም ይቅር አትበሉኝ። ይቅርታው የእናንተ አይደለም።

ገመቹ፣ ይህ እጅህ ከገባ፣ ፍቄ ነኝ። ልትመታኝም ልትከሰኝም ትችላለህ፤ ከሱቄ አልሸሽም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ለእናትህ አንተ አትንገራቸው። ውሸቱን በአንተ አፍ ሰምተዋል፤ እውነቱንም በአንተ አፍ አይስሙት። ዘንድሮ ሳያልፍ እኔው መጥቼ፣ እግራቸው ሥር ተቀምጬ፣ የመረቁት ሰው ማን እንደሆነ ራሴ እነግራቸዋለሁ።