የመስኮቱ ዕቅድ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሰላም ከዩኒቨርሲቲዋ ለእረፍት መጥታ አንድ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «የተቋሙ የራስ ግምገማ» ይላል። ስለ መኝታ ቤት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ውሃ ይጠይቃል። መኝታ ቤታቸው ውሃ የለውም፤ በባልዲ ነው የሚያመላልሱት፤ እሱን ልትጽፍ ነው። ታች ላይ ግን «ለዚህ ድክመት የእርስዎ ድርሻ ምን ነበር?» የሚል ጥያቄ አየሁ። ደሜ ፈላ!

«አባባ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ።

ምን እንደሆንኩ ነገርኳት።

በደርግ ጊዜ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ሦስተኛ ዓመት የደረስነውን የእርሻ ተማሪዎች ለመንፈቅ ያህል ሸዋ ሮቢት አጠገብ ወዳለው የልምምድ ካምፑ ይልከን ነበር። ከጣርማ በር ጀምረን ቁልቁል ስንወርድ ካፖርት አወለቅን፣ ደብረ ሲና ላይ ሹራብ አወለቅን፣ ሮቢት ስንገባ በካናቴራ ቀረን። ክረምቱ መውጣቱ ነው፤ ማሽላው አሽቷል፤ ፓፓያው እንደ ጉድ ነው። የማሽላ እሸት ጠብሰን ስንበላ አገሩን ወደድነው። ወባውን ገና አላወቅንማ!

የምናድርበት ቆርቆሮ ቤት መስኮት እንጂ የትንኝ ወንፊት አልነበረውም። የሚያናድደው፣ ወንፊቱ አለ። አንድ ትልቅ ጥቅል የሽቦ ወንፊት መጋዘን ውስጥ ተኝቷል። የተገዛው ለዘር ማድረቂያ ስለሆነ ለመስኮት አይወጣም አሉን። ቁልፉን የሚይዙት የዚያው አገር የቀወት ሰው ጋሼ ሸዋፈራሁ፣ «ልጆቼ፣ በእኔ ቢሆን ዛሬውኑ አወጣላችሁ ነበር» ይሉናል፤ በእሳቸው አይደለም እንጂ።

የአልጋ ጎረቤቴ ደምሴ የመንዝ ልጅ ነው። ደገኛ ገላው ወባን አልቻለም፤ ሁለቴ ወደቀ። ከልምምድ የቀረባቸው ቀናት በዙ። ሕጉ ግልጽ ነበር፤ ጥፋቱ የካምፑ ነው ከተባለ ቀኖቹ ይሰረዙለታል፤ ካልተባለ ዓመቱን ይደግማል። ይህን የሚወስነው የካምፑ ግምገማ ነው። የተማሪ ተወካዩ ደግሞ እኔ። ሊነጋ ሲል ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ክንዴን ይዞ፣ «ወንድሜ፣ አደራ። አባቴ አንዱን በሬ ሸጦ ነው ያስተማረኝ» አለኝ።

ግምገማው በምግብ አዳራሹ፣ በዚያ በሚያነድ ከሰዓት ተካሄደ። ተነሣሁና ወንፊቱ መጋዘን ተቀምጦ ሰው መታመሙ የካምፑ ድክመት ነው አልኩ። እሰየው፣ ተናገርኩ! ግምገማውን የሚመራው የካምፑ አስተባባሪ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጓድ፣ ሂስ ከራስ ይጀምራል። እናንተስ ምን አጓደላችሁ?»

ወጉ ነበር፤ ግለ ሂስ ያላደረገ ሌላውን አይሄስም። ቶሎ ልገላገልና ወደ ወንፊቱ ልመለስ ብዬ፣ «እኛም ሙቀቱ ሲብስብን መስኮት ከፍተን እናድራለን» አልኩ። ምን ዓይነት ቂል ነኝ! ሰው አጨበጨበልኝ። አስተባባሪውም «ይህ ነው ግለ ሂስ!» ብሎ ጸሐፊውን አስጻፈ። ድክመት፦ ተማሪዎች መስኮት ከፍተው ማደራቸው። የማሻሻያ ዕቅድ፦ መስኮት ይዘጋል። ፈጻሚ፦ ተማሪዎች። ስለ ወንፊቱ አንድ ቃል የለም።

ቃለ ጉባኤው ፊቴ ቀረበ። በዚያ ዘመን አልፈርምም ማለት ምን እንደሚያመጣ የኖረበት ያውቀዋል። ቢሆንም ፈራሁ ነው የምለው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ፈረምኩ።

ደምሴ ጋቢውን ተከናንቦ ይጠብቀኝ ነበር።

«እህስ? ምን አላችሁ?»

«ዕቅድ ተይዟል።»

«ስለ ወንፊቱ?»

«ስለ መስኮቱ» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መስኮቱ ተዘጋ፤ ቤቱ ምድጃ ሆነ። ትንኙ እንደሆነ በበሩም በጣሪያው ሥርም ይገባል። ጋሼ ሸዋፈራሁ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! እናንተ የተማራችሁትም እንዲሁ ናችሁ?» አሉኝ። ደምሴ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀና ከዓመቱ ተማሪዎች ዝርዝር ተሰረዘ። ከጀውሃ በመጣ የጭነት መኪና ላይ የእንጨት ሣጥኑን ጫንንለት። ከላይ ሆኖ፣ «መስኮቱን ክፈቱት እንግዲህ፤ እኔ ሄጃለሁ» አለ። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አላየሁትም። በቀጣዩ ግምገማ «ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ተከናውኗል» ተብሎ ሲነበብ እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ።

ሰላም ብዕሯን አንሥታ ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች።

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«ውሃ የለም ብለሽ ጻፊ። የአንቺ ድርሻ የሚለውን ባዶ ተዪው።»

«አይዞህ አባባ፣ ሳላነብ አልፈርምም» አለች፤ ልታጽናናኝ ነው።

«እኔ እኮ አንብቤ ነው የፈረምኩት» አልኳት።