ሶደሬ የወሰድነው ቀይ ዓሣ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቀለበት የሚያስርበት ቀን ሆነና ናዝሬት ከአንድ አዲስ ሆቴል ተሰበሰብን። ወጣቶቹ ዘፈኑን ሲያደምቁት ጆሮዬ አልችል አለና ወጥቼ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ግድግዳውን የሚያህል የመስተዋት ገንዳ ቆሟል፤ አኳሪየም ይሉታል። መብራት በርቶበት ብልጭልጭ የሚሉ ዓሦች በመንጋ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ከጥጉ፣ ከአንድ ቅጠል ሥር፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰ የሚመስል ቀይ ዓሣ ተለጥፎ አየሁ። የጭራው ጫፍ ተነጭቷል። ይህን ሳይ ወንበሬን ወደ መስተዋቱ አስጠጋሁ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። ያኔ ናዝሬት አትባልም፣ አዳማ ናት። አዳማም ብትሉ ባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው ፊት የተሰለፉ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ግራር፣ አቧራና ነፋስ ናት። ነፋሷስ ዛሬም አልተለወጠ። አባቴ ሲሞት እናቴና እኔ ከቡልጋ ወርደን፣ በየሰው በረንዳ ስናድር ከርመን፣ በመጨረሻ ሙሴ ኮስታ የሚባሉ ግሪክ ከጣቢያው አጠገብ ከከፈቱት ሆቴል ሥራ አገኘን። እናቴ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ታጥባለች፤ እኔ እጠርጋለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ። ከጓሮ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ሰጡን። ቀን ትግላለች፣ ሌሊት ትበርዳለች፣ ግን በር አላት። እናቴ ማታ ማታ መወርወሪያውን ከዘጋች በኋላ እንደገና በእጇ ትነካው ነበር፤ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት እናቴን ንዳድ ያዛት። ንዳዱ ሲለቃት ቁርጥማት ተካው። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ግድግዳ እየያዘች ነበር ወደ ማጠቢያው የምትሄደው። እኔ የእሷንም ድርሻ እያጠብኩ ነገሩን ከሆቴሉ እመቤት፣ ከማዳም፣ እደብቅ ነበር። ደጅ ብንወጣ እንደማትከርም አውቄዋለሁ። ልጅ ብሆንም ይህን አውቄዋለሁ።

ዓሣው የመጣው ኅዳር ውስጥ ነው። ከጅቡቲ ለሙሴ ኮስታ የወይን ጠጅ የሚልክ አንድ ፈረንጅ ነጋዴ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ፣ አፈ ሰፊ ብልቃጥ አቅፎ ከባቡሩ ወረደ። በብልቃጡ ውስጥ ቀይ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ዓሣ ነበር፤ በመርከብ ከሩቅ ምሥራቅ ያመጣው ነው አሉ። የባቡሩ መንገጫገጭ እንዳይገድለው ሲመለስ ሊወስደው እኛ ዘንድ ተወው። ሙሴ ኮስታ ጠርተው ለእኔ ሰጡኝ። «ብቻውን ይቀመጥ ብሏል» አሉኝ፤ «ደህና አድርገሽ ያዢ።»

ከምግብ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ የዓሣ ገንዳ ነበረን። ሙሴ ኮስታ ከተሰበረ ፉርጎ መስኮት መስተዋት አስወጥተው፣ ጠርዙን በሬንጅ አስለጥፈው ያሠሩት ነው። ከአዋሽ የተያዙ ትንንሽ ቆሮሶዎች ይዋኙበታል፤ ምሳ የሚበሉ መንገደኞች ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ እያደረጉ ይስቃሉ።

እናቴ ብልቃጡን ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባ ነበር።

«ለምንድነው እዚህ ታስሮ የሚኖረው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ብቻውን ይቀመጥ ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ፈረንጁ።»

«ፈረንጅ ደሞ ምኑን ነው ከሰው ጋር የሚያደርገው? ሲበላ ብቻውን፣ ሲተኛ ብቻውን። ይሄ ምን አደረገ? የሰው አገር መጥቶ፣ ጎረቤቶቹ ማዶ ተሰብስበው ሲበሉ እያየ፣ በብልቃጥ! ነውር እኮ ነው፣ የሺ።»

ሰው ብቻውን ምግብ ሲቀርብለት ማየት የማይችል አንጀት ነበራት። ከውሃው በርሜል የቢምቢ ትል ጨልፌ ስመለስ ዓሣውን ገንዳው ውስጥ ጨምራው፣ ጉልበቷን ይዛ ፈገግ ብላ ቆማለች።

መጀመሪያማ አሳቀን። ጉንጩን ነፍቶ፣ ክንፉን ዘርግቶ፣ በቆሮሶዎቹ ፊት ሲንጎራደድ ቁርጥ ፎካሪ ነው። «እይው እይው፣ ጌታዬ መጡ በሉ እያለ ነው!» ትላለች እናቴ። ቆሮሶዎቹ ወደ ጥግ ሸሹ። በማግስቱ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያ ረጅም ቀሚሱ ከባድ ነውና መሮጥ አይችልም፤ እነሱ ደግሞ ትንንሾች ናቸው፣ ፈጣኖች ናቸው፣ ብዙ ናቸው። አንዱ ከፊት ሲያስቆጣው ሌላው ከኋላ ይነጨዋል። ወደ ብልቃጡ ስመልሰው ጭራው የተቀደደ ሐር ጨርቅ መስሎ ነበር።

ማዳም አዩት። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሊሄዱ ጓንታቸውን እያጠለቁ ነበር።

«ይሄ ዓሣ ከሞተ ክፍሉን ትለቃላችሁ» አሉ። «ሁለታችሁም።» ከዚያ ባቡሩ ላይ ወጡ።

ታኅሣሥ ገባ። የአዳማ ብርድ ቀን ቀን የለም ያሰኛል፤ ጧት ግን የብልቃጡ ውሃ እጅ ይቆርጣል። ዓሣው ከታች በጎኑ ተኛ። ትል ብሰጠው አያይም። በነጠላዬ ጠቅልዬ አቀፍኩት፤ ምድጃ ዳር አስቀመጥኩት፤ ሲግል ፈርቼ አነሳሁት። ለዓሣ እንዴት እንደሚጸለይ ስለማላውቅ የእናቴን ስም እየጠራሁ እጸልይ ነበር። የሁለቱ ነገር በራሴ ውስጥ አንድ ሆኖ ነበር።

እትዬ ዘሃራ የመጣችው እንዲህ ስሆን ነው። የወሎ ሰው ናት፤ ከአርሲዋ ደራ ገበያ እህል በአህያ እያመጣች አዳማ ትቸረችራለች። እናቴን ሶደሬ ፍል ውሃ እወስድሻለሁ ስትላት ከርማለች።

«ተነሺ እንጂ፣ ነገ ወደ ደራ ወራጅ ነኝ» አለቻት። «አህያዬ አንቺን መሸከም አያቅተውም፤ ከሲታ ሆነሻል።»

«እኔ ሄጄ ልጅቷ ከዚህ ዓሣ ጋር ልትቃጠል?»

ያኔ ነው ከአፌ ያመለጠኝ። «እሱንስ ለምን አንወስደውም?»

እትዬ ዘሃራ ሳቀች፤ ከሳቋ የተነሳ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «አጂብ! ዓሣ ፍል ውሃ ሊገባ! ቀቅለን ልንበላው ነው?»

እናቴ ግን አልሳቀችም። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ ብዙ አየችው። «ቁርጥማት ነው» አለች። «እዩት፣ እንደኔ ነው የሚንቀሳቀሰው። ብርድ ገብቶበታል።»

ሙሴ ኮስታን ሄጄ አስፈቀድኩ። ካርታ ይጫወቱ ነበር፤ ቀና ሳይሉ «ሂዱ፣ ሂዱ» አሉኝ።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። እናቴ አህያው ላይ፣ እኔ ብልቃጡን በነጠላ ደረቴ ላይ አስሬ በእግሬ። ጤፍ ይታጨድ ነበር፤ ከየአውድማው የሚነሳው እብቅ በፀሐይ ይወርቃል። የነቢያት ጾም ነውና ስንቃችን ቆሎና የሽምብራ ንፍሮ ነበር። እትዬ ዘሃራ ጭኮዋን እየቆረሰች «እናንተ ከዓሣው ጋር ጹሙ» ትለናለች። እሱም በእውነት ሳይበላ ሰንብቷል። አዋሽን ስንቃረብ ከደራው መንገድ ታጥፈን በጥቅጥቁ ዛፍ ውስጥ ገባን።

ሶደሬ ያኔ አጥር የለው፣ ሕንፃ የለው። እንፋሎት፣ ጦጣና ሕመምተኛ ብቻ ነው። እናቴን ደግፈን አስገባናት። እኔ ፍል ውሃው ወደ ወንዙ ከሚወርድበት፣ ለብ ካለው ቦይ፣ ብልቃጡን እስከ አንገቱ አስቀምጬ ከጦጣ እጠብቅ ጀመር። አንድ የአርሲ ሽማግሌ እግራቸውን ነክረው ተቀምጠው ነበር።

«ቁርጡሚን ዱኩብሳቴ?» አሉኝ፤ ዓሣ ታመመ ወይ ማለታቸው ነው።

«አዎ አባባ፣ ታሟል» አልኳቸው።

ሊስቁ ነበር። ፊቴን አዩና ተዉት። ሻሻቸውን ፈትተው ፀሐዩ እንዳይመታው ብልቃጡ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ዓሣው ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ክንፉ፣ ከዚያ ያ የተቦጫጨቀ ጭራው። ወደ ላይ ወጣና አየር ጎረሰ። እኔ ጮህኩ፤ ጦጣዎቹ ሸሹ። እናቴም በሰነበትንበት ጥቂት ቀን ውስጥ ያለ ድጋፍ መቆም ጀመረች። እትዬ ዘሃራ ከደራ እህሏን ጭና ስትመለስ እናቴ አንድ ዳገት ያህል በእግሯ ተራምዳለች። እንደዚያን ቀን መንገድ አጭር ሆኖልኝ አያውቅም።

አዳማ ስንደርስ የክፍላችን በር ክፍት ነበር። ከውስጥ የሌላ ሰው ጭስ ይወጣል። ጓዛችን በረንዳው ሥር ተጥሏል፤ የእናቴ ቁርበት ላይ ዶሮ ቆሟል።

ሮጬ ወደ ምግብ ቤቱ ገባሁ። ማዳም ቀድመው ተመልሰዋል።

«ድኗል ማዳም! ይዩት፣ ድኗል!»

አላዩትም። «የት ነበራችሁ?»

«ሶደሬ። ለሙሴ ኮስታ ነግረናቸው ነበር።»

ሙሴ ኮስታ ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ነጋዴው ትናንት አለፈ» አሉ ማዳም።

«ስለ ዓሣው ምን አሉ?»

«ምንም። ምሳውን በላ፣ ሄደ።»

«አልጠየቁም?»

«አልጠየቀም። ክፍሉን ለአዲሱ ወጥ ቤት ሰጥተነዋል። ከድሬዳዋ ነው የመጣው፣ ማደሪያ ያስፈልገዋል።»

እናቴ ከኋላዬ ገብታ ነበር። በዚያ ገና በዳነ ጉልበቷ ተንበረከከች፣ የማዳምን ጫማ ልትስም። ማዳም ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ ብልቃጡን ከእጄ ወሰዱና ውሃውን ከነዓሣው ገንዳው ውስጥ ገለበጡት። ባዶውን ለወጥ ቤቱ አቀበሉት፤ ለኮምጣጤ ይፈለግ ነበር።

ዓሣው ክንፉን ዘረጋ። ቆሮሶዎቹ ከየጥጉ መጡ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም፤ እናቴ መነሳት አቅቷት ነበርና እሷን አነሳሁ።

እትዬ ዘሃራ የእህል ማከማቻዋ ጎን አኖረችን። እናቴ ክረምቱ ሲገባ ንዳዱ ተመለሰባት፤ መስከረምን አላየችም። የእትዬ ዘሃራ ቤት ነው አሳድጎ የዳረኝ፤ ፊደልም የቆጠርኩት እዚያው፣ ከልጆቿ ጋር ነው። ያንን ነጋዴ ግን ብዙ ዓመት ረግሜዋለሁ። አሁን ሳስበው ክፉ ሰው አልነበረም። ረሳው፣ በቃ። ምሳው ጣፍጦት ይሆናል፣ ባቡሩ ፉጨቱን አሰምቶ ይሆናል። ለእሱ ከጓዙ አንዱ ነበር። እኛ ግን አንዲት ክፍል፣ አንድ በር፣ አንዲት እናት አንጠልጥለንበት ነበር፤ ይህን ማን ይንገረው?

እንዲህ እያልኩ ሳስብ የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ የፊቷ ጨዋነት ደስ የሚል ልጅ፣ አጠገቤ መጥታ ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ በጣም እያዩት ነው። ዓሣ ይወዳሉ?»

«አንዱን ወድጄው ነበር፣ ልጄ» አልኳት። «ሰው ቤቱን እንደሚወድ።»