የመጀመሪያው ጉርሻ

ወደ ሾኔ ስንጓዝ አባቴ «ሆሳዕና ላይ እንውረድ» አለ፤ ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ የተሠራውን የአትክልት ቦታ ሊያይ። ድንጋዩ ላይ የጦር ሜዳ ጓደኛውን የሎምበሶን ስም ፈልጎ አገኘና አቧራውን በመዳፉ ጠረገ። መዳፉ ከስሙ ላይ ቶሎ አልተነሣም፤ የቆየ ቅናቴ ተቀሰቀሰ።

ልጅ ሳለሁ መስቀል በመጣ ቁጥር የሎምበሶ ልጅ ታሪኩ እኛ ቤት ይጠራ ነበር። እናቴ ቡላውን በቅቤ አብስላ አታካና የሚባለውን የበዓል ምግብ ስታቀርብ፣ የአባቴ የመጀመሪያ ጉርሻ የታሪኩ ነው። ቅቤው በአገጩ ሲወርድ እያየሁ ምራቄን እውጣለሁ።

አንድ ዓመት ግን አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ ልጅህ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?»

«አንተ ነህ» አለኝ። «ግን ያን ቀን ወደ ፊት የመውጣት ተራው የእኔ ነበር፤ አባቱ ቀደመኝ።»

የምን ተራ እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ ጉርሻው እንዳለፈኝ ብቻ ነበር።

«በል እንሂድ፤ ሾኔ ላይ ታሪኩ ለምሳ እየጠበቀን ነው» አለ አባቴ፣ መዳፉን ከድንጋዩ አንሥቶ።

ዛሬም የመጀመሪያው ጉርሻ የማን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ዛሬም እቀናለሁ። የመታሰቢያውን ደረጃ ስንወርድ ግን የአባቴን እጅ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።